ቀይ ክር ያሰርኩበት ኩባያ

የእኔ ታደለች፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ልጃችን ምሕረት ለሰው ስትናገር “ሦስት ዓመት ተኩል” ትላለች። ደጋግሜ አርሜያታለሁ፣ አትሰማም። አንቺ ብትኖሪ “ሁለት ወር ምን ይጎዳሃል፣ የምሕረት አባት?” ትዪኝ ነበር። ይጎዳኛል። ያላለፈውን ሁለት ወር አልፏል ማለት ካንቺ ያለጊዜው መራቅ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ኩባያሽ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አልወረደም፤ ምሕረት አቧራውን ጠርጋ መልሳ ትሰቅለዋለች እንጂ ማንም አይጠጣበትም። የጸሎት ቤቱ በር እንደታሸገ ነው። መዝሙሩ በየሰው ሳሎን ቀጥሏል፤ ያንቺን ድምፅ የሚተካ አልተገኘም ይሉኛል። ወንድምሽ ሎምበሶ በመንደር ምሥረታው ቤቱን አፍርሶ ከአንጋጫ በታች ባለው ሜዳ ላይ እንደ ተማሪ በሰልፍ ከቆሙት ጎጆዎች ወደ አንዱ ገብቷል። እንሰቱ ግን አብሮት አልተነሣም፤ ሁለት ሰዓት በእግሩ እየሄደ ይጎበኘዋል። ይህን ዕቅድ ያወጣው ሰው እንሰት ምን እንደሆነ አያውቅም ብዬ በመምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ቁጣዬ እንዳለ ነው። በዚህ በኩል ትተሽው የሄድሽውን ሰው ታገኚዋለሽ።

ልጽፍልሽ የተነሣሁት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። በደሜ ውስጥ በሽታ ተገኘ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ደም የሚሰበስብ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና መጣ። ለቁስለኞች ደም የሚሰጥ ይመዝገብ ተባለ፤ እኛ መምህራን ደግሞ በሙሉ ፈቃደኝነት በስም ዝርዝር ተጠራን። ሳልጠራም እሰጥ ነበር። የተናደድኩት በዝርዝሩ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቶ በመጻፉ ነው። ስሙን አሳረምኩ፣ ደሜን ሰጠሁ፣ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ሆስፒታል ትፈለጋለህ የሚል ወረቀት ደረሰኝ።

ያነጋገረኝ ሐኪም ምሕረትን በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጣት ነው። የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር፤ ከመቀመጤ በፊት እሱን ነገርኩት። እሱም ጫማውን አስሮ ሲያበቃ የሰጠሁት ደም ለማንም እንዳልተሰጠ ነገረኝ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ አለብኝ። ምናልባትም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል። ከሰውነት ጠራርጎ የሚያወጣው መድኃኒት የለም፤ ሰው ግን ተሸክሞት ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱን ጉበቱን ይበላዋል፣ አንዳንዱን ምንም ሳያደርገው አብሮት ያረጃል። ቀጥሎ እንዴት እንደሚተላለፍ ሊያስረዳኝ አንድ ወረቀት ሲያነሣ፣ “ተወው፤ ጉበትን ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ” ብዬው ወጣሁ።

ታደለች፣ በዚያ ቀን ከሆስፒታሉ እስከ ቤታችን ድረስ ስሄድ ፍርሃቱ ገና አልደረሰብኝም ነበር። መጀመሪያ የያዘኝ መደነቅ ነው። በትምህርት ቤታችን ያለው ማይክሮስኮፕ ይህን ነገር አያየውም። ከእሱ አሥር ጊዜ የሚበልጥ ማይክሮስኮፕ ቢመጣም አያየውም። እሱ ግን ከመንደሬ ከፎንቆ ተነሥቼ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስገባ አብሮኝ ገብቷል። ዩኒቨርሲቲ ፈተና ስቀመጥ አብሮኝ ተቀምጧል። ከእናቴ አግኝቼው ይሁን፣ በአንድ ቀን በአንድ ቢላዋ ከተገረዝን ልጆች ከአንዱ፣ የሚነግረኝ የለም። ጉበትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቡናማ ጠመኔ እየሣልኩ ክፍሎቹን አስተካክለው ባልገለበጡ ተማሪዎች ላይ ስጮህ እሱ ከጎድን አጥንቶቼ ሥር ሆኖ ሥራውን ይሠራ ነበር። ስለ ሁሉ ነገር ትክክለኛ ልኬት የምጠይቀው ሰው ሃምሳ ዓመት አብሮኝ የኖረውን አላውቅም ነበር።

ቤት ስደርስ ፍርሃቱ መጣ፤ የመጣውም ባንቺ በኩል ነው። ባረፍሽበት ማለዳ በእንሰቱ መካከል ወድቀሽ ስናነሣሽ፣ የጤና ረዳቱ ሳይመረምርሽ “ልብ” ብሎ ጻፈ፣ እኔም ተጣላሁት። ሰው ሁለት ፊደል ጽፎ እንዴት ያሰናብታል አልኩት። አሁን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ምነው ልብ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ልብ ካልሆነስ? ሃያ ሁለት ዓመት አብሮሽ የተኛው ሰው ካቀበለሽስ? ምሕረትስ? ምሕረት ልትዳር ነው ታደለች። ጨርቅ ከሚነግዱት ከጉራጌዎቹ ቤት፣ ታናሽየውን፣ ተካን ታውቂዋለሽ። ሃይማኖታችን እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ ልጁ ግን ከመናገሩ በፊት ያስባል፤ በዚህ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጄን ደስ ብሎኝ ልሰጠው ነበር። አሁን ምን እንደምሰጠው አላወቅሁም።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዚህ ቀጥሎ ያደረግኩትን ግን ስነግርሽ አፍራለሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት ማስታወሻዬ እንደማውቀው የጉበት በሽታ በምግብና በውሃ ይተላለፋል። ስለዚህ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ለየሁ። ማንም እንዳይሳሳት በኩባያው እጀታ ላይ ካንቺ የስፌት ሣጥን ያወጣሁትን ቀይ ክር አሰርኩበት። ምሕረት ምሳ ስታቀርብ ድርሻዬን በሳህኔ አንሥቼ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር እሄዳለሁ። ለምን ስትለኝ ወረቀት እያረምኩ ልብላ አልኳት። ወረቀት በሌለበት ቀንም ያንኑ አደረግኩ።

በእኛ አገር በአንድ ቤት እየኖረ ገበታ የሚለይ ሰው ቂም የያዘ ሰው ነው። በሽተኛ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። አባቴ ከወንድሙ ጋር በድንበር በተጣላ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ለብቻው ሲበላ አይቻለሁ። ይህን ከማንም በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ስለ ጀርም ሳስብ ስለ ሰው ማሰብ አቆምኩ። ምሕረት ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ጎረቤት አየ፣ ጎረቤት ተናገረ፣ ወሬው በገበያ ቀን ወደ አንጋጫ ተሻገረ፤ መምህሩ ልጅቱን በጉራጌው ምክንያት ገበታ ለየባት ተባለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊታውራሪያቸው ሎምበሶ ነው። እኔ እንደልማዴ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፣ በእጄ አሬራ የያዘው ያ ኩባያ አለ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወንድምሽ ጀመረ።

“መምህር፣ የመጣነው ስለ ልጅቱ ነው። ተካን አልወደድከውም፤ ይሁን፣ አባት ነህ። ግን ጥላቻህን በኩባያ ላይ በክር ታስራለህ? እህቴ ብትኖር በራስህ ላይ ትሰብረው ነበር።”

“የቆርቆሮ ነው፤ አይሰበርም” አልኩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ሎምበሶ ግን አልሳቀም። እኔም ስለ ተካ ምንም ቅሬታ እንደሌለኝ፣ ማንም ሰው በገዛ ቤቱ በፈለገው ሳህን መብላት እንደሚችል፣ ሽምግልናውም መጀመሪያ ጠብ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ መሆን እንዳለበት ተራ በተራ አስረዳሁ። ታውቂኛለሽ። ሳስረዳ ሳለሁ ምሕረት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“አባዬ፣ ተካን ካልፈለግከው በአፍህ ንገረኝ” አለች፤ “እተወዋለሁ። ወደ ገበታችን ግን ተመለስ። እማዬ ከሄደች ወዲህ ሁለት ነን፤ አሁን ብቻዬን ነው የምበላው።”

ያንቺን አቋቋም ነው የቆመችው፤ አንድ እጇ በመቃኑ ላይ። ሁሉንም ተናገርኩ። መኪናውን፣ ወረቀቱን፣ የሐኪሙን ቃል፤ ካንቺ ቀጥሎ የፈራሁት ለእሷ እንደሆነ ጭምር።

ሎምበሶ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ያምሃል?” አለኝ።

“አያምም።”

“ታዲያ የት ነው ያለው?”

“በደሜ ውስጥ።”

ተነሣ። ከእጄ ላይ ኩባያውን ወሰደና የቀረውን አሬራ እስከ ታች ጠጣው። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ስድስት ልጅ አለህ፣ ምን ነካህ፣ አብደሃል ወይ ብዬ ጮኽኩበት። አፉን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ “ጠምቶኝ ነው” አለኝ። “ከአንጋጫ መጥቼ ውሃ እንኳ አላልከኝም።” ከዚያ ክሩን በጥርሱ ፈታው።

በማግሥቱ ጠዋት ክንዱን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ምን ያህል ጅልነት እንደሠራ እንዲነግርልኝ ነበር። ሐኪሙ ነገሩን ሰምቶ ወደ ሎምበሶ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ፤ የጫማው ማሰሪያ በዚያን ቀን በደንብ ታስሮ ነበር። “መምህር፣ ያን ዕለት ልነግርዎት የነበረው ይኸው ነበር” አለኝ። ይህኛው በሽታ በሳህንና በኩባያ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በአንድ ምላጭ፣ በወሊድና በባልና በሚስት መካከል ነው። በምግብና በውሃ የሚተላለፈው ሌላው የጉበት በሽታ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ።

ሎምበሶ ጣሪያውን እያየ፣ “ልጆቻችንን ወደዚህ ሰው ነው የላክናቸው” አለ።

ሐኪሙ ከዘረዘራቸው መተላለፊያዎች ሁሉ በጆሮዬ የቀረው የመጨረሻው ነበር። በባልና በሚስት መካከል። ኩባያው ነጻ ወጣ፤ እኔ ግን ይበልጥ ተያዝኩ። ስለ ባለቤቴ ልጠይቅህ ብዬ ጀመርኩ። የጨረሰልኝ ሎምበሶ ነው።

“እህቴን ነው የሚለው” አለ። “የእህቴ ደም እኮ በእኔ ውስጥ ነው።”

ሎምበሶ ላይ ዛፍ የወደቀበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ። አዲስ አበባ ወስደሽው ነበር፤ ከማረፍሽ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ደም ያስፈልገዋል ሲሉሽ ክንድሽን ዘረጋሽ። እኔ ያኔ ፈተና እያረምኩ ስለነበር አልመጣሁም፤ ደም መስጠትሽንም የነገርሽኝ ከመንገድ ገብተሽ ጫማሽን እያወለቅሽ ነው። ወንድምሽ ግን የሰጡሽን ካርድ ከአንቺ ለምኖ ወስዶት ነበር። ከገበሬ ማኅበር መታወቂያው ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ስምሽ፣ የደም ዓይነትሽ፣ ማኅተም።

ሐኪሙ ካርዱን ሁለት ጊዜ አገላበጠው። ይህ ደም ሳይመረመር አይሰጥም ብሎ እንደሚገምት፣ ግን በግምት እንደማይተወው ነገረኝ፤ ለዚህ ቃሉ ወደድኩት። ወደ ደም ባንኩ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እኔ፣ ምሕረትና ተካ አብረን አዲስ አበባ ሄድን። ተካን ማንም አልጠራውም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ ቀድሞን ቦታ ይዞ አገኘነው። መዝገቡ ተገለበጠ፣ ስምሽ ተገኘ። ደምሽ ለዚህ ቫይረስ ተመርምሯል። የለብሽም ነበር።

ከሳምንት በኋላ የምሕረት ውጤት መጣ። እሷም የለባትም። ነገር ግን በደሟ ውስጥ ሌላ ነገር ተገኘ፤ ቫይረሱን አንድ ጊዜ ተገናኝቶ ያሸነፈ ደም የሚተወው ምልክት። ከእንግዲህ አይዛትም። ደረቴ ላይ ተኝታ ባደገችበት በአንዱ ዓመት፣ ማናችንም ሳናውቅ፣ በዚያች ትንሽ ሰውነት ውስጥ ተዋግታ ጨርሳዋለች። ወረቀቱን ተካ ከእጄ ወስዶ ጮክ ብሎ አነበበው።

ሐኪሙን ስለ አንቺ እንደገና ጠየቅኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራ እንዴት ሳይነካት ቀረ አልኩት። አልነካትም ማለት ያስቸግራል አለኝ። ዐዋቂ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያሸንፈዋል፤ አንዳንዱ ጥቂት ሳምንት ይደክመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይላል፣ ከዚያ ይነሣል። ያንቺ ደም ዛሬ በእጃችን ስለሌለ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ግምት ነው፤ እኔም የምጽፍልሽ እንደ ግምት ነው።

ግን የተጋባን ዓመት፣ ፎንቆ ሳለን፣ ከመስቀል በኋላ ታስታውሻለሽ? ወደ አንድ ወር ያህል ከአልጋ መነሣት አቃተሽ። ቅቤ ሸተተኝ አልሽ፤ የከምባታ ልጅ ቅቤ ሸተተኝ ስትል ቤተሰቤ ሁሉ አረገዘች ብሎ ተደሰተ። አላረገዝሽም ነበር። እኔ ግን አንድ ጠዋት የሸሚዜ አንገት ሳይተኮስ ስላገኘሁት ሰነፍሽ ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺም ተነሥተሽ ካውያውን አጋልሽ። ዓይንሽ በዚያ ሰሞን ቢጫ ነበር። አይቼዋለሁ። የመስኮቱ ብርሃን ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ከማሰብ አላረፍኩም። እኔ ስለ ሸሚዝ አንገት ስናገር አንቺ ቆመሽ ካውያ ይዘሽ እኔ ያመጣሁብሽን ነገር እየተዋጋሽ ነበር። ሊቃውንቱ መድኃኒት ያላገኙለትን ሰውነትሽ ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ስሙን እንኳ ሳያውቅ ጨረሰው። እኔ ሃምሳ ዓመት ያልቻልኩትን። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር ብዕር ያነሣሁት፤ ስጽፍ ግን ከይቅርታው የሚበልጥብኝ መደነቁ ሆነ። ምን ዓይነት ሴት አጠገብ ነው የተኛሁት?

ባለፈው እሑድ የምሕረት ቀለበት ነበር። ዋዜማውን ምሕረት ወደ ጓሮ ወስዳ ከትልቁ እንሰት ሥር ያለውን ድንጋይ አሳየችኝ። መጨረሻ ላይ የቀበርሽው ቆጮ እዚያ አለ። እኔ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን በየጊዜው ቅጠሉን እየለወጠች፣ ድንጋዩን እየመለሰች ጠብቃዋለች። ሎምበሶ ጉድጓዱን ከፈተው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። አንቺ እንደዚያ ጎንበስ ብለሽ አሽትተሽ “ገና እየሠራ ነው” ትዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማን ነው የሚሠራው ብዬ ስለ ባክቴሪያ አንድ ሰዓት አስተምርሽ ነበር። ታደለች፣ እነዚያ ዓይን የማያያቸው ነገሮች፣ አንቺ ሥራ ሰጥተሻቸው ሄደሽ፣ በጨለማው ውስጥ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠርተዋል። እኔ ስለ እነሱ ማስተማር ብቻ ነው የማውቀው።

ቂጣው ተጋግሮ ከአይብና ከጎመን ጋር በአንድ ትልቅ ገበታ ቀረበ። የተካ ቤተሰቦችም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እኔም ከዚያ በላን። ምሕረት ከጎኔ ተቀምጣ እጄ ወደ ገበታው ሲሄድና ሲመለስ ትቆጥር ነበር መሰለኝ።

የእኔ በሽታ አብሮኝ አለ። በስድስት ስድስት ወር እየሄድኩ ጉበቴን አሳያለሁ፤ የራሴን ምላጭ ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ስንት ዓመት እንደቀረኝ የሚነግረኝ ባለመኖሩ እቆጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ጉበትን ሣልኩና፣ እስከ ዛሬ ሁለት በሽታ ቀላቅዬ ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ማስታወሻችሁን አርሙ አልኳቸው። አንድም ተማሪ አልሳቀም። ከእንግዲህ በማስተምርበት ዓመት ሁሉ ያ ትምህርት ሲደርስ መጀመሪያ ስሕተቴን እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ፣ ታደለች የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፣ ደሟ ከመምህራችሁ ይልቅ ያውቅ ነበር እላቸዋለሁ። ማን እንደሆንሽ ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ኩባያዬን ሎምበሶ አንጋጫ ይዞት ሄደ፤ ውሃ ያላቀረብክልኝ ቀን ካሣ ነው አለ። ስለዚህ ሚስማሩ ላይ ያለውን አወረድኩት። ባንቺ ኩባያ ነው የምጠጣው።

የምሕረት አባት
ሆሳዕና